የአምና የበርበሬ ዋጋ

ውድ ጋሽ ዱባለ፣

እንዴት ሰነበቱ ብዬ ልጀምር አልኩና ደነገጥኩ። ለሞተ ሰው እንዴት ተብሎ ይጻፋል? ብቻ ጋዜጣችን ሊዘጋ ነው፤ ከእርስዎ ሌላ ይህን የምነግረው ሰው የለኝም።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ኮልፌ በስቴንስል እያባዙ ሲጀምሩት፣ የሚያወጡት መንግሥት የቆረጠውን የእህልና የቅመም ዋጋ ብቻ ነበር አሉ። እውነተኛውን ነጋዴው ከአፍዎ ይሰማ ነበር። እኔ የደረስኩት ገበያው ሲለቀቅ ነው። ያኔማ በጤፍ ዋጋ አንድ ብር ከሳትን ቅዳሜ ጠዋት በሩ በነጋዴ ጩኸት ይናጋ ነበር። እርስዎ ደግሞ ለተቆጣው ሁሉ ሻይ ያዝዙና፣ «አይክፋሽ ሰርኬ፣ የሚቆጣ ሰው አንብቦናል ማለት ነው» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጉድ ሠራሁ። ከባዶ ከምነሳ ብዬ የአምናውን ገጽ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ዋጋውን ስቀይር በርበሬን ዘለልኩት። የአምናው እንዳለ ታተመ! ያወቅኩት ከተሠራጨ በኋላ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ገብቼ፣ ለሚመጡት ሻይ አዝዤ፣ ስድቤን ልጠግብ ቁጭ አልኩ። ማንም አልመጣም። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ጎረቤት ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራውን መሲን ደውይልኝ አልኳት። ይጠራል። ሻዩም ቀዘቀዘ።

አላስችል ሲለኝ ወደ እትዬ ሃፊዛ የበርበሬ መደብር ሄድኩ። ትዝ ይልዎታል፣ ከሁሉ ቀድመው የሚጮኹት እሳቸው ነበሩ።

«የበርበሬውን ዋጋ አዩት?» አልኳቸው።

«ውይ የኔ ልጅ! ዋጋውማ በቴሌግራም ይደርሰኛል። ያንቺን የምገዛው ለጋሽ ዱባለ ብዬ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንቺስ ብቻሽን ምን ትበያለሽ?»

በደግነት ነው ያሉት። ግን ምነው በሰደቡኝ! ታክሲ ውስጥ እያለቀስኩ መውረጃዬን አልፌ አየር ጤና ደረስኩ።

በምጽዋት የሚቆም ጋዜጣ እርስዎም አይወዱም። የፊታችን ዓርብ የመጨረሻው ይወጣል፤ እርምቱ ፊት ገጹ ላይ አለ። ማንም ባያየውም የተሳሳተ ዋጋ ትቼ አልሄድም። በጣም ናፍቀውኛል። ባዶው ቢሮ ውስጥ የገዛ ድምፄ እያስፈራኝ ነው።

በርበሬ ዘንድሮ በጣም ጨምሯል፣ ጋሼ። ሌላ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ለእርስዎ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ሰርኬ