ስለ ቶምቦላ ጠሪያችን ጉሮሮ

ለተከበሩ ዶክተር ኦዲሎን ባሬራ፣
የሳን ኤውሎጂዮ ከተማ ጤና ቢሮ ዋና ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከነመላ ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከነጉሮሮዎ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከሙቀቱና ከትንኙ በቀር ደህና ነን። ደህና ለመሆናችንም በየሦስት ወሩ ክሊኒክዎ ወረቀት ይሰጠናል።

ባለፈው ወር በክትባት ክፍሉ መስኮት ብቅ ብዬ ስለ ኤች ፒ ቪ ቫይረስ ክትባት ብጠይቅ፣ ነርሷ፣ «ወንድሜ፣ እሱ እኮ የማህፀን በር ነገር ነው፤ አንተ ማህፀን አለህ?» አለችኝ። ቃሏን አክብሬ ቤቴ ገብቼ ጉዳዩን አጣራሁ፤ በእርግጥም የለኝም። ጉሮሮ ግን አለኝ። ይኸው ቫይረስ በአፍ በሚደረግ ወሲብ ጉሮሮ ውስጥ ሊቀመጥና ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ያነበብኩት መጽሐፍ፣ ከመስኮትዎ ጋር ሳይመካከር የተጻፈ መሆን አለበት።

የጠየቅሁት ስለ ወዳጄ ስለ ዊልበርት ኡክ ብዬ ነበር። እሁድ እሁድ በአደባባይ የሥዕል ቶምቦላ ስንጫወት፣ ካርድ እያወጣ የሥዕሉን ስም ከነቀልዱ የሚጠራልን እሱ ነው፤ እኛም የተጠራውን ሥዕል በበቆሎ ፍሬ እንሸፍናለን። «አውራ ዶሮው! ሚስቱ ያባረረችው!» ሲል ድምፁ ዓሣ ገበያ ድረስ ይሰማ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ጎረነነ፤ ከመንጋጋው ሥርም የማያም እብጠት ወጣ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. አንዱ የደም ምርመራ ለሁሉም እንደሚበቃ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ወንድ የምንወድ ወንዶች የኤች አይ ቪ ምርመራ አናጓድልም፤ መከላከያ ኪኒኑንም አንረሳም። ውጤቱ «ነፃ» ካለ ከጉንፋን እስከ መብረቅ ነፃ የወጣን ይመስለናል። አንድ ቀን የቶምቦላ ጠረጴዛችን ላይ የጉሮሮን ነገር ባነሣ፣ ፀጉር አስተካካዩ ኔፍታሊ የበቆሎ ፍሬውን ሥዕሉ ላይ እያኖረ፣ እርስ በርስ ስንቀልድ እንደለመድነው በሴት አንቀጽ፣ «ኧረ እቴ፣ አታሟርቺ! አደገኛው የታች ነው፤ የላዩ ጨዋታ ነው» አለኝ። ባለትዳሩ ኢላሪዮ ደግሞ ሴትንም ወንድንም የሚወድ ሰው ነውና፣ «እሱ የእናንተ ጣጣ ነው፤ እኔ ከእናንተ ጋር የምሆነው ለካርኒቫል ብቻ» ብሎ ተገላገለ። ቫይረሱ በካርኒቫል ሰሞን ይጹም አይጹም የቢሮዎን መግለጫ እንጠባበቃለን።

፪ኛ. በኮሪደሩ ስለለጠፉት የጉሮሮ ካንሰር ሥዕል እናመሰግናለን። ሲጋራና ጠርሙስ በሚገባ ተስለውበታል። ዊልበርት አጭሶ አያውቅም፤ መጠጡም የሮማን ጭማቂ ነው። ሥዕሉን አይቶ እፎይ አለ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ጠሪ መጎርነኑ ወጉ ነው፤ ያልጎረነነ ጠሪ ሥራውን አልሠራም ይባላል። ስለዚህ ማርና ሎሚ እያጠጣን፣ እብጠቱንም የሙያ ማዕረግ አድርገን ቆጥረን፣ አምስት ወር አጨበጨብንለት።

፫ኛ. ስለ ሐኪምዎ ጨዋነት እናመሰግናለን። ዊልበርት ሄዶ ቢታያቸው፣ «ሚስት አለህ?» ብለው ጠየቁት። «የለኝም» አለ። «እንግዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ጩኸቱን ቀንስ» ብለው ሸኙት። ከማን ጋር እንደሚተኛ ቢጠይቁት ኖሮ ያፍር ነበር። ይኸው ሳያፍር ቀረ፤ እብጠቱ ግን እንቁላል አከለ።

፬ኛ. በመጨረሻም ወደ ጉሮሮ ስፔሻሊስት ስለተጻፈለት ቀጠሮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ ተራ አጠባበቅ ሥርዓትዎ እናመሰግናለን። አስታማሚ ከበር አያልፍም፤ የታካሚው ስም ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ድምፁን አሰምቶ «አለሁ» ያላለ ተራው ያልፋል። ሥርዓት ያለበት ቤት ደስ ይላል።

ልመናችን ትንሽ ናት። በዚያ ሥዕል ላይ ለአፍም ቦታ ይሰጠው፤ ሐኪሞችዎ ሳያፍሩ ይጠይቁን፤ ክትባቱ ከዕድሜያችን ጋር ይስማማ አይስማማ የሚነግረን ሰው ይመደብ። እኛም በበኩላችን ያበጠ አንገት ስናይ ማጨብጨብ ለማቆም ቃል እንገባለን። ዊልበርት ድምፁ ጨርሶ ቢዘጋም አሁንም እሁድ ከጠረጴዛው አይቀርም፤ እሱ ካርዱን ወደ ላይ ያነሣል፣ እኔ እጠራለታለሁ።

ማህፀን ባይኖረኝም ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ጥልቅ ነው። ረጅም ዕድሜና ጥርት ያለ ድምፅ እየተመኘሁ፣ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሊሳንድሮ ካኑል
ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

በተረፈ፦ የዊልበርት ቀጠሮ ሐሙስ ዕለት ነበር። ስሙ ሦስት ጊዜ ሲጠራ እኔም ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰምቻለሁ። «ስላልቀረበ» ተብሎ ወደ ጥር ተዛውሯል። ዊልበርት የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር።