ሳታዳምጥ ያገድከው ዘፈን

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? ቢሮው፣ ስብሰባው ሁሉ እንዴት ነው? እኔ በጤና በኩል አልማረርም፤ ቆሜ ስለምውል ማታ ማታ እግሬ ያብጣል እንጂ ደህና ነኝ። ጸጉር ቤቱም ደህና ነው። ይህን ሁሉ የምጽፍልህ፣ እናታችን ሰላምታ ሳያስቀድም ነገር የሚጀምር ሰው ባለጌ ነው እያለች ስላሳደገችን ነው። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ቆሽቴ አርሯል። ብደውልልህ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ ብለህ ዘጋኸው። እስካሁን ከስብሰባው አልወጣህም መሰለኝ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ማንበብ እንደሆነ ትወዳለህ።

ነገሩ የልጄ ዘፈን ነው። ወፌ እያልክ የምታቆላምጣት፣ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ አንተ ቤት ተቀምጣ የተማረችው ልጄ። ዘፈኑ ሲመሽ ሬዲዮ በጣም ስለሚጮህበት አንድ ቤት ነው። ጎረቤት ጨዋታ ያለ ይመስለዋል። ከግድግዳው ወዲህ ያለችው ልጅ ግን ሬዲዮው ለምን እንደሚጮህ ታውቃለች። በማግስቱ የቤቱ እመቤት በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ልብስ ለብሳ ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ዘፈኑ ልጆችን፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ውጡና የጎረቤት በር አንኳኩ ይላቸዋል። ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፣ ብልግና የለበትም።

የሬዲዮው የወጣቶች ፕሮግራም አዘጋጅ ሰምታው አለቀሰች። ግን አንተ የምትመራው ኮሚቴ ማህተም ካላረፈበት ለወጣት የሚተላለፍ ነገር ስለሌለ ግጥሙን ወደ እናንተ ላከችው። ግጥሙን ብቻ። ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ። ዘፈኑ ራሱ አይሰማም፣ ተተይቦ ይነበባል፤ የጻፈውም ሰው ስም ይጠፋል። እኔ ቤት ምሳ ላይ፣ ዜማ ያባብላል፣ ስም ያስዳላል፣ እኔ ወረቀት ብቻ ነው የማየው ብለህ ስትኩራራ ትዝ ይለኛል። እኔም ቂሏ ጎሽ የእናቴ ልጅ ብዬሃለሁ።

ውሳኔህ መጣ። «ግጥሙ ወጣቶች ታላላቆቻቸውን እንዲንቁ ያነሳሳል፤ የአንድ የተከበረ የመንግሥት ኃላፊን የቤት ገመናም አደባባይ ያወጣል» ይላል። አዘጋጇ እንደነገረችኝ ሌሎቹ የኮሚቴ አባላት አሳልፈውት ነበር። አንዷ እንዲያውም በየትምህርት ቤቱ ይሰማ ብላለች። ጠረጴዛ እየመታህ ያስቀረኸው አንተ ነህ። እሱም አልበቃህም፤ ስም አላይም ያልከው ሰውዬ አዘጋጇን ማነው የጻፈው ብለህ አፋጠጥካት። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው፣ የትምህርት ቤቱን ስም ነገረችህ። አንተም ደወልክ።

ወላጅ አምጪ ተባለችና ሄድኩ። ጣቴ ላይ የጸጉር ቀለም እንዳለ፣ ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ። ዳይሬክተሩ ወንበር ሰጠኝ፣ ተቅለሰለሰ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት፣ እኔ በግሌ ምንም የለኝም፣ ግን ከላይ ተደውሎልኛል አለኝ። ከሙዚቃ ክበቡ አስወጥተዋታል። ጊታሩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባታል። ጓደኞቿ ዘፈኑን ከስልካቸው እንዲያጠፉ ተሰልፈው ስልካቸው ተፈተሸ። ያንተ ኮሚቴ የወጣት ጥበቃ የሚለው የልጅ ስልክ በሰልፍ መፈተሽን ከሆነ፣ እሰይ፣ ጠበቃችሁልን።

ያችን ልጅ አሁን ብታያት። አታለቅስም። ብታለቅስ እንዴት ደስ ባለኝ። ከትምህርት ቤት ትመጣና ወለሉ ላይ የወደቀውን ጸጉር ትጠርጋለች፣ የጸጉር መጠቅለያውን ቢጎዲን በየመጠኑ ትለያለች፣ ትተኛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሳታንጎራጉር አንድ ዕቃ አጥባ አታውቅም፤ አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ደንበኞቼ ልጅሽ ታመመች እንዴ ይሉኛል። ድምጿን እንዳላጣው ነው የምፈራው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አንድ ቀን መጥረጊያውን እንደያዘች፣ እማዬ፣ ዘፈኑ ውስጥ እኮ የመንግሥት ኃላፊ የሚል የለም አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ደንበኛዬን ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብቼ የግጥሙን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሰውዬ አለ፣ ሬዲዮ አለ፣ ግድግዳ አለ፣ ሴት አለች። የሰውዬው ሥራ የለም። ሀብታም ይሁን ድሃ፣ የተከበረ ይሁን የተዋረደ አይልም። እንደዚያ ያለ ቤት በየሰፈሩ ሞልቷል፤ ሌሎቹ የኮሚቴው ሰዎች ሲያነቡት ጎረቤታቸው ታያቸው። አንተስ ማን ታየህ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሉሃል ይኼ ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ወንድሜ። ባለቤትህ ባለፈው ጸጉሯን ልትሠራ መጥታ ነበር። ሳጥባት ከጆሮዋ በላይ ያለውን ቦታ ነካሁትና ዘለለች። እየረገፈብኝ ነው አለችኝ። እኔ ዕድሜዬን የሰው ራስ ሳጥብ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የረገፈና የተነጨ ጸጉር አይምታታብኝም። ውሃውን ለብ አደረግኩላት። አንተ ደግሞ ሰሞኑን የት ሄደች ለሚልህ ሁሉ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች ትላለህ አሉ። ዓይንህን በጨው አጥበህ።

አሁን የምልህን ስማኝ። እግዱን አንሳ። ትምህርት ቤቱ ጋ ራስህ ደውለህ ተሳስቼ ነው በል፤ ጊታሩን ይመልሱላት፣ ክበቧም ትግባ። ይህን ካላደረግክ እኔ ዘፈኑን ለማሰማት ማህተም አልጠይቅም። ጸጉር ቤቴ ከጠዋት እስከ ማታ ሴት የሚገባበት ቤት ነው፣ ሴቶቹም ጆሮ አላቸው። የአንተ ኮሚቴ ካስክ ውስጥ የተቀመጠችን ሴት ማገድ ከቻለ ይምጣና ያግድ።

ዘፈኑን በፍላሽ አድርጌ ፖስታው ውስጥ ከትቼልሃለሁ። ወረቀቱን አይተኸዋል፤ አሁን በሩን ዘግተህ አንዴ አዳምጠው። የቀዳነው እዚሁ ነው፣ ጸጉር ቤቱ በሚዘጋበት ቀን፣ ፎጣ በመስኮቱ ላይ ሰቅለን። ግጥሙን የምታወጣው ልጄ ናት። አዝማቹን የምትቀበላት ግን ልጅ አይደለችም፣ ትልቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ላይ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ እየቆየ ይጠናል፣ መጨረሻው ላይ ልጄን ትበልጣታለች። ማን እንደሆነች አልነግርህም። በግድ ዝፈኚ ያላት ሰው አልነበረም፤ ልዝፈን ያለችው ራሷ ናት። አንተ ብትሰማት ኖሮ ከመጀመሪያው ቃል ታውቃት ነበር።

ዘመዶቿ ቤት እየደወልክ ሰዎቹን አታስጨንቃቸው፤ እዚያ የለችም። እኔም ቤት አትምጣ። በሩን የምከፍተው እኔ አይደለሁም፣ እሷ ስትፈልግ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ጤናውን አይንሳህ፤ ከጤናው ጋር ልቦናውን ይስጥህ። ያሳደገችን እናታችን ነፍሷን ይማር፣ ይህን ሳታይ መሄዷ ደግ ሆነ።

የልጅቷ እናት፣
ያንተም ታላቅ እህት