በድሮው ፖስታ ቤት የበላነው ምሳ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ የጉልበትዎ ሕመም በብርዱ ተነሣብዎ ወይስ እፎይ አለልዎ? የእማማ ዓይንስ እንዴት ሆነ? መነጽሩን ታደርገዋለች ወይስ እንደ ወትሮዋ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? እትዬስ፣ ልጆቹስ፣ ያቺ ተራጋጭ ላምስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ታናሻችን ድንቡሼም ደህና ናት። ደህና ናት ማለቴን ግን ከዚህ በታች ያለውን አንብበው ይፍረዱ።

ባለፈው ደብዳቤዎ «ታናሽሽን አገባለሁ የሚለውን ሰው አጣርተሽ ጻፊልኝ፤ እርሻ አለኝ ያለ ሁሉ ባለ እርሻ አይደለም» ብለው አዘዙኝ። ድንቡሼ ለእርስዎ የጻፈችውን እኔም አውቀዋለሁ። ሰውየው ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ የአትክልት እርሻ አለው፣ ምርቱንም ለአንድ ምግብ ቤት ያቀርባል ብላ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ እኔ ገና ትእዛዝዎ ሳይደርሰኝ መጠርጠር ጀምሬ ነበር።

ታዲያ ሰውየው ራሱ ጋበዘን። ቅዳሜ ምሳ፣ እዚያው አትክልቱን በሚያቀርብበት ምግብ ቤት። ግብዣው ከመነሻው አልጣመኝም። እርሻ ያለው ሰው እርሻውን ያሳያል እንጂ ለምን ሳህን ያሳያል? ይኼን ለድንቡሼ ብነግራት «አንቺ ደግሞ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ይኼን ስትለኝ ዓይኗን አሸሸችብኝ፤ እኔም የፍቅር እፍረት ነው ብዬ አለፍኩት።

ምግብ ቤቱ ድሮ ፖስታ ቤት ነበር። የተሠራበት ዘመን ከበሩ በላይ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል፤ መቶ ዓመት አልፎታል። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል። ቴምብር ይሸጥበት የነበረው ባንኮኒ ከነነሐስ ፍርግርጉ ተወልውሎ ቆሟል፤ ጥቅል ዕቃ ይቀበሉበት በነበረው መስኮት ደግሞ አሁን ከወጥ ቤት ሳህን ይወጣል። ቁጥር በተጻፈባቸው የመልእክት ሣጥኖች ውስጥ ማንኪያና ሹካ ተቀምጧል፤ ሰው እየተነሣ የራሱን ያመጣል። የጠረጴዛ ልብስ የለ፣ ክራባት ያሰረ አስተናጋጅ የለ፤ ረጅም አግዳሚ ላይ ከማያውቁት ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይበላሉ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «የዛሬው ምግብ ትናንት መሬት ውስጥ ነበር» ይላል። እኔም በሆዴ፣ ሰሌዳ ምን አለበት፣ የጻፉበትን ሁሉ ይችላል አልኩ።

ሰውየው በሰዓቱ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ድንቡሼን በሰባት ስምንት ዓመት የሚበልጥ ነው። ስጨብጠው እጁን ገለበጥ አድርጌ አየሁ። ጥፍሩ እንደ ጸሐፊ ጥፍር ንጹሕ ነው። «ገበሬ ነኝ ባይ!» አልኩ በልቤ። መዳፉ ግን ሻካራ ነበር። እሱንም በቀላሉ አልተቀበልኩትም፤ ድንጋይ ፈላጭም መዳፉ ይሻክራል።

መጀመሪያ የዱባ ሾርባ ከትኩስ ዳቦ ጋር መጣ። ቀጥሎ የተጠበሰ ቀይ ሥርና ካሮት ከነቅጠሉ፣ ከጎኑ ዶሮ። የአንዱ ካሮት አንገት ላይ ትንሽ አፈር አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አላጠቡትም ብሎ ይቆጣ ነበር፤ እኔ ግን ከእርሻ መጣ እንድንላቸው ሆን ብለው ትተውት ይሆን ብዬ በሹካዬ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ጣዕሙን ግን ልክድ አልችልም ወንድም ጋሼ። ስነክሰው፣ እርስዎ ከማሳ ነቅለው በሱሪዎ ጠረግ አድርገው የሚሰጡን ካሮት ትዝ አለኝና ጥርጣሬዬን ለጊዜው ረስቼ ሦስቱን ጨረስኩ።

ከዚያ ምርመራዬን ቀጠልኩ። ዱባ መድረሱን በምን እንደሚያውቅ ጠየቅሁት። «አንገቱ ሲደርቅና ጥፍር ልጡን አልበሳ ሲል» አለኝ፣ ማኘኩን ሳያቋርጥ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ደግሞ ባሰብኝ፤ አጥንቶ የመጣም እንዲሁ ነው የሚመልሰው። ወዲያው አስተናጋጇ በአጠገባችን ስታልፍ ትከሻውን መታ አድርጋ «ዛሬማ በፊት በር ገባህ!» ብላ ሳቀች። ባለ እርሻ ታዲያ በየትኛው በር ነው የሚገባው?

እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሣሁና ወደ ሳህኑ መስኮት ሄድኩ። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት የለበሰ፣ ደልደል ያለች ሴት ናት። ምግብሽ እጅ ያስቆረጥማል ብዬ አመሰገንኳትና የአትክልቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። «ከድልድዩ ማዶ ያሉ ባልቴት ናቸው፤ አርጅተዋል፣ አሁን አይመጡም» አለችኝ። «ያ አብሯችሁ የተቀመጠው ሠራተኛቸው ነው። ከተቀጠረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እሱ ባይኖር ግን ይኼ ወጥ ቤት ጾሙን ያድር ነበር።» የመጨረሻውን ነገሯን ልብ ብዬም አልሰማሁት። ያዝኩህ! እያልኩ ደሜ ፈልቶ ተመለስኩ።

«መሬቱ የማን ነው?» አልኩት፣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ።

«የአሠሪዬ ነዋ» አለ ዳቦውን እየቆረሰ። «እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ምነው?»

ድንጋጤ ፊቱ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ ባለ እርሻ ነኝ ብለህ ለወንድማችን ለምን አስጻፍክ ብዬ ብጠይቀው «እኔ?» ብሎ ወደ ድንቡሼ ዞረ። ድንቡሼ ሹካዋን እንደያዘች ሳህኗን ታያለች። ጆሮዋ ቀልቷል። እኔ የሰው ጥፍር ስመረምር ውሸቱ ለካ ከጎኔ ተቀምጦ፣ ክንዱ ክንዴን እየነካ ዳቦ ይበላ ነበር።

«ወንድም ጋሼ ያን ሽማግሌ ልኮ የነበረውን ልብስ ሰፊ እንዴት አድርገው እንደመለሱት ረሳሽው?» አለችኝ እያለቀሰች። «በሰው የስፌት መኪና የሚሰፋ ለእህቴ አይሆናትም አሉ። በሰው መሬት የሚቆፍር ነው ብዬ ብጽፍ ደብዳቤውን አንብበው ይጨርሱት ነበር?»

ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ በሥራዬ አላፍርም፤ አንቺ ግን አፈርሽብኝ» አላት። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻል ነበር። ተነሥቶ በወጥ ቤቱ በኩል ወጣ። ያን ጊዜ እንኳ ልቤ አላረፈም፤ ይኸው ሸሸ አልኩ። ድንቡሼ አቀርቅራ ስትንሰቀሰቅ ከወዲያ ማዶ ይበሉ የነበሩ ሽማግሌ መሐረባቸውን አቀበሏት።

ሲቆይብን ተከትዬው ወጣሁ። በጓሮው፣ ድሮ የፖስታ መኪና ይቆምበት በነበረው ግቢ፣ ባዶ የአትክልት ሣጥኖች በጭነት መኪና ላይ ይደረድራል። ሄደህ መስሎኝ ነበር ስለው «ሣጥኖቹን ሳልጭን የት እሄዳለሁ? ሰኞ ቲማቲም ይለቀማል» አለኝ። ሁለት ሣጥን አቀበልኩት። ከዚያ «የወንድማችሁን አድራሻ ስጪኝ፤ ስለ እኔ ሰው ከሚጽፍልኝ ራሴ ልጻፍ» አለ። ተመልሶ ገብቶ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ ጻፈ። ሲጨርስ ከድንቡሼ አጠገብ አልተቀመጠም፤ ከፊት ለፊቷ ነው። ብዙ ቆይቶ የተረፈውን ዳቦ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። እሷም ቆርሳ በላች። ታርቀው ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም።

ደብዳቤው ከዚህ ጋር ተያይዟል። አልከፈትኩትም። አልዋሽም፣ ወደ ብርሃን አንሥቼ አይቼዋለሁ፤ ፖስታው ወፍራም ነውና አንድ ፊደል አልታየኝም።

ወደ ቤት ስንመለስ ድንቡሼን ልገሥጻት አፌን ከፈትኩ፤ የራሴ ደብዳቤዎች ግን ትዝ አሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ በልብስ ፋብሪካው ተቆጣጣሪ ነኝ እያልኩ ጽፌልዎታለሁ። አይደለሁም። ልብስ ተኳሽ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ የሸሚዝ ኮሌታ እተኩሳለሁ፤ ተቆጣጣሪዋ ከኋላዬ የምትቆመው ናት። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ጻፍኩት፤ ከዚያ ለጎረቤት ሁሉ በኩራት እንደሚያወሩት ስሰማ ማረሙ አቃተኝ። እስካሁን ከእኛ መሐል ያልዋሸዎት ያ ያላዩት ሰው ብቻ ነው።

ጠባዬ ነውና አሁንም የምጠረጥረው አንድ ሰው አለ፤ እርስዎ ነዎት። «የሰው መሬት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ እንዳይከቱት እፈራለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡለት።

እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ የፋብሪካውን ነገር ራስዎ ቀስ ብለው ይንገሯት። ለእትዬ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል ይበሏት። ትልቁን ልጅዎን ትምህርቱን እንዲበረታ፣ መንትዮቹን ደግሞ እንዳይደባደቡ አደራ ይበሉልኝ። ለጎረቤታችን ለአናጢውና ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረሳቸው። መልስዎን ግን ለእኔ አይጻፉ፤ ለድንቡሼ ይጻፉላት።

አክባሪ እህትዎ፣
ከፋብሪካው ጀርባ ካለችው ክፍላችን
እሑድ፣ ጥቅምት ፲፩ ቀን