ለግማሽ ቀን የሚተካቸው ሰው ያጡት ልብስ ሰፊ የሕይወት ታሪክ

ቤተሰቡ «ብረቷ» እያለ የሚጠራቸው ልብስ ሰፊ ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ትምህርቱን ትተው አክስታቸው ዘንድ ስፌት ለመዱ። እጃቸው ቀና፣ ምላሳቸው እንደ መቀሳቸው ነበር፤ ደንበኛ «ጠበበኝ» ብሎ ሲመለስ «ጨርቁማ ያው ነው፤ የበሉት እርስዎ ነዎት» ብለው አስቀው ያሰፉለት ነበር።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ጡረታ በወጡ በዓመቱ ደም ግፊት ጥሏቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ሲል፣ ብረቷ የመኪናውን አሮጌ ሸራ ቀደው ባለ አራት እጀታ የሕመምተኛ ማንሻ ሰፉ። ሁለቱን እጀታ እሳቸው፣ ሁለቱን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይይዛል ብለው ነበር። በእሳቸው በኩል ያሉት በላብ ጠቁረው ተበጠሱና ተቀየሩ፤ በወዲያኛው በኩል ያሉት ዛሬም እንደተሰፉ ናቸው።

ጠያቂ ግን አልጠፋም። ቤተሰቡ እሁድ እሁድ ሽቶውን ተቀብቶ ይመጣል፤ በሩ ላይ ሽንት ሲሸተው አፍንጫውን በመሐረብ ይይዛል፤ የቀረበለትን ሻይ ይጠጣል፤ «አይ ብረቷ! አንቺ እኮ ሰው አይደለሽም!» ብሎ ያደንቃል። እውነቱን ነው፤ እንደ ሰው የቆጠራቸው አልነበረም። የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ያጠበ የለም።

አምና ደረታቸውን ይወጋቸው ጀመር። ሐኪሙ ለግማሽ ቀን ምርመራ ቀጠሯቸው። ለዚያች ግማሽ ቀን ከባለቤታቸው ጋር የሚቀመጥ ሰው ለመኑ። ሴት ልጃቸው «እማዬ፣ እኔ የአባዬን ስቃይ ለማየት አንጀቴ አይችልም» አለች። ትልቁን ልጅ ወገቡን አመመው፤ ታናሹ ስብሰባ ነበረው። የባለቤታቸው እህትም «ወንድሜን ከሚስቱ በቀር ማን ያውቅበታል?» ብለው አረፉት። ሕመምተኛው ራሳቸው «ሂጂ፣ ብቻዬን እሆናለሁ» ቢሏቸው፣ «ወድቀህ ላገኝህ? ዝም ብለህ ተኛ» ብለው ቀጠሮውን አሳለፉ። ቀጣዩንም እንዲሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸውን አጥበው፣ አገላብጠው፣ ትራሳቸውን ካስተካከሉ በኋላ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጡ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ጎረቤት የደረሰው የባለቤታቸውን ጩኸት ሰምቶ ነው።

ብረቷ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ቀብሩ እስኪፈጸም ከሕመምተኛው ጋር የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ ወዲያው ተገኘ፤ ያውም ሁለት ሰው። ነገ ማን እንደሚቀመጥ ግን እስካሁን ትንፍሽ ያለ የለም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም «አንሺኝ» በማይላቸው ስፍራ ያሳርፍልን። ለእኛ ለቤተሰቦቻቸው መጽናናቱን አያፍጥንብን።