ሦስት ጊዜ የጠበበው ቀሚስሽ

የእህቴ ልጅ፣

«አክስቴ ያልተማረች፣ ስለ ምግብ ምን ታውቃለች» ብለሽ ለጓደኛሽ በስልክ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ገና አልደነቆረም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም አርባ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሴት ነኝ፤ ወገብ ሲያልቅ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ሥጋ ተውሽ፤ ደግ አልኩ። ቀጥሎ ወተትና እንቁላል። አሁን ደግሞ እሳት የነካውን ሁሉ። አንዱን ቀሚስሽን በሁለት ወር ሦስት ጊዜ አጠበብኩልሽ። ዛሬ ጠዋት ከማድቤት ወለል ላይ ሳነሳሽ «አዳልጦኝ ነው» አልሽኝ።
ወለሉ ደረቅ ነበር።

ምስር ሾርባሽ ውስጥ የሥጋ መረቅ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቂኝ የካድኩት ፈርቼ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ድስት የነካው ነገር የማትቀምሺው። ይህን እያሰብኩ የጀመርኩትን ስፌት ትቼዋለሁ።

አሁን ተኝተሻል፤ መንገዱ ጫፍ ላይ ያለችውን ነርስ ልጠራ ሄጃለሁ። ድንች ቀቅዬ ራስጌሽ አስቀምጫለሁ። ከጨው በቀር ምንም የለበትም፤ እምልልሻለሁ።
ከአልጋ አትውረጂ።
በሩን ከውስጥ እንዳትቆልፊ።
ስመለስ ገና ከደጅ እጠራሻለሁ። በመጀመሪያው «አቤት» በይኝ፤ ሁለቴ አታስጠሪኝ።