የጸሎተ ሐሙስ ቆጮ

መጋቢት 28፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን አስተማርኩ። ሙሴ በቅርጫት ውስጥ። ከተመዘገቡት ስልሳ ልጆች አሥራ አንዱ መጡ። ሌሎቹ የት ገቡ? ምን ያጠያይቃል... ከግድግዳው ወዲያ ጭብጨባቸው ይሰማኛል። ሃኒ ጋ ናቸው።

ሃኒ በጥር ነው ለሥራ ከአዲስ አበባ ወልቂጤ የመጣችው። ነርስ ናት። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰብሳቢ ምንተስኖት «ለጊዜው ታግዝሽ» ብሎ አመጣት። ለጊዜው! ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን ሳስተምር ማን አገዘኝ?

ስታስተምር ትዘላለች። የፈርዖንን ድምፅ ታስመስላለች። እኔ አይሆንልኝም። ደግሞ ቆንጆ ናት። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ምንተስኖት ልብስ መስፊያ ሱቄ ድረስ መጣ። በወላጆች ፊት የሚሰጠውን የጸሎተ ሐሙስ ትምህርት ዘንድሮ ሃኒ ትስጠው አለ። የእስራኤልን ከባርነት መውጣት... የእኔን ትምህርት!

«አንቺ ትንሽ እረፊ፣ እትዬ ውድነሽ።»

ደከመኝ ያልኩት መቼ ነው? ፈገግ ብዬ «እሺ» አልኩት። ከሄደ በኋላ የአንዲት ደንበኛዬን እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ።

ቀናሁ። ሌላ ስም የለውም።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ሕማማት ነው። መጨባበጥ የለ፣ መሳሳም የለ። ዘንድሮ ተመቸኝ። ከስግደት ስንወጣ ሃኒ ወደ እኔ መጣች፤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ማንም ምንም አልጠረጠረም።

ምክር ፈልጋ ነው። እስራኤል ሊጣቸው ሳይቦካ ተጣድፈው መውጣታቸውን ልጆቹ በእጃቸው ይዘው እንዲያዩት ትፈልጋለች።

«ለስልሳ ልጅ ቂጣ ማን ይጋግርልኛል? ቆጮ ቢሆንስ፣ እትዬ? ሁሉም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ስስ ነው፣ እርሾም የለውም አይደል?»

እርሾ የለውም! አባቷ ጉራጌ ነው፤ እሷ ግን አዲስ አበባ አድጋ ቆጮን የምታውቀው ከክትፎ ጋር ብቻ ነው። እኔ የጉራጌዋ አገና ልጅ ነኝ። እንሰት ስንፍቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንቀብር፣ ወራት ተቀምጦ ሲቦካ እያየሁ ነው ያደግኩት። በእኛ አገር ከቆጮ በላይ የቦካ ምን አለ?

እስክመልስላት ዓይን ዓይኔን ታያለች።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

አሁንም አልረፈደም። ነገ እነግራታለሁ...

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

አልነገርኳትም።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ልጆች ከፊት፣ እናቶች ከኋላ። በየልጁ እጅ በፌስታል የተጠቀለለ ቆጮ።

ሃኒ ጥሩ ጀመረች። በመቃኑ ላይ የተቀባውን የበጉን ደም፣ በጉ የክርስቶስ ምሳሌ መሆኑን፣ የባሕሩ መከፈል የጥምቀት ምሳሌ መሆኑን... እኔ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። ከዚያ ቆጮዋን ከፍ አድርጋ «እስራኤል ከባርነት ሲወጡ የያዙት እንዲህ ያለ ያልቦካ ቂጣ ነው» አለች።



«ኧረ የኔ ልጅ! ስድስት ወር ጉድጓድ ውስጥ የቦካውን?» አለች የትንሿ የሲና እናት።

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሌላዋ ተቀበለች፤ «ቆጮ እስኪደርስ ቢጠብቁማ እስካሁን ግብፅ ናቸው!» ልጆቹም ሳቁ። በሕማማት!

ሃኒ ወደ እኔ ዞረች። ጫማዬን አየሁ።

ደስ አለኝ። ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ግን ጉልባኑን ሳልቀምስ ከደንኩት። እያለቀሰች ነው የወጣችው።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደቱ ሲያበቃ ተሰልፈን መምሬ ወልደማርያም ዘንድ ቀረብን። እንደ ወጉ ኃጢአትን ተናግሮ፣ ጀርባን በወይራ ተመትቶ፣ የሚሰገደውን መቀበል ነው። ሌላ ዓመት «ሐሜት» ብዬ አልፍ ነበር። ዛሬ «ቀናሁ፤ ቀንቼም ሰው አዋረድኩ» አልኩ።

ወይራው አየር ላይ ቀረ።

«የት ነው ያዋረድሽው?»

«በጉባኤ ፊት፣ አባቴ።»

«መቶ ስገጂ። ግን እሱ ብቻ አይበቃሽም።»

መቶውን ሰገድኩ። የቀረውን ነው የፈራሁት።

ሚያዝያ 13፣ ማዕዶት ሰኞ

ሃኒ የተከራየችበት ቤት ሄድኩ። ግቢ አላለችኝም። በር ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት።

«የጠየቅኩት አንቺን ብቻ ነበር» አለች። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ለምንተስኖት ከእንግዲህ አላስተምርም ብላዋለች። ልጆቹ ሁሉ የእኔ ሆኑ። የፈለግኩት ይህን አልነበር?

ሚያዝያ 19፣ ዳግም ትንሣኤ

ልጆቹ ሁሉም እኔ ክፍል ናቸው። በር በሩን ያያሉ። እናቶቻቸውም እንዲመጡ አስጠርቼ ነበር። ሃኒንም ለምኛት፣ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች።

ቆምኩ። «ቆጮ እንደሚቦካ አውቅ ነበር። ጠይቃኛለች። ጥሩ ሐሳብ ነው ያልኳት ስለቀናሁባት ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ትምህርቱን ጀመርኩ። የሙሴ እኅት ማርያም። ባሕሩን ሲሻገሩ ከበሮ መምታቷን ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ፣ ሁልጊዜ እዚያ ላይ አቆም ነበር። ለምጿን ዘልዬው ኖሬያለሁ። ዛሬ ቀጠልኩ። በወንድሟ ቀናች፣ በእሱ ላይ ተናገረች፣ ለምጽ ወጣባት፣ ሰባት ቀን ከሰፈር ውጭ ተዘግቶባት ተቀመጠች...

ሲና እጇን አወጣች።

«ሕዝቡስ፣ እትዬ? ጥለዋት ሄዱ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን መጽሐፉን መግለጥ ጀመርኩ።

ሃኒ ከኋላ መለሰችላት።

«አልሄዱም። እስክትመለስ ጠበቋት።»