በሉቱ ጠርዝ ላይ ያለው የጥርስ ምልክት

ፌራራ፣ ከጰራቅሊጦስ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? የላክሁልሽ የሱፍ ካልሲ ልክሽ ሆነ ወይ? ገዳሙን እንድታስተዳድሪ ከሾሙሽ ወዲህ ለራስሽ ጊዜ እንደሌለሽ ሰምቻለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካል ደህና ነኝ። ልቤን ግን አትጠይቂኝ፤ እሱን ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት ኦርሶላ የምትባል ልጅ ወደ ገዳምሽ መጥታለች። የገመድ ሠሪው የቶኒዮ ልጅ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷ "መመንኮስ ትፈልጋለች" ብሎሽ ይሆናል። እታለም፣ አትፈልግም። እዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

ባሌን ጋስፓሮን ታውቂዋለሽ። ሐሙስ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ምሁራኑ እቤታችን ይሰበሰባሉ፤ እሱም ስለ ፍቅርና ስለ ዜማ ይሰብክላቸዋል። "እውነተኛ ፍቅር የሚገባው በዓይንና በጆሮ ብቻ ነው። በእጅ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው፤ ስሙም ሌላ ነው" ይላል። የሚደረድራቸውን ሁለት ሉቶች እኩል ይቃኝና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። የአንዱን ጅማት ሲነካ የሌላው ማንም ሳይነካው ይርገበገባል። "የሚዋደዱ ነፍሶችም እንዲሁ ናቸው" ሲላቸው ሽማግሌዎቹ ጢማቸውን እያሻሹ "ልክ ነው፣ ልክ ነው" ይላሉ። እኔ ወይን እቀዳለሁ። ወንድ ስለ ነፍስ ሲያበዛ ደስ አይለኝም።

አምና በመከር፣ ድምፅዋ ያማረ ነው፣ ለሐሙሱ ጉባኤ ትዘፍንልናለች ብሎ ኦርሶላን አመጣት። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ሦስቴ ስጠራው አይመልስልኝም። እሷ ስትናገር ግን ዓይኑን ከከንፈሯ አይነቅልም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ቀጥሎ በሩን መዝጋት ጀመረ። አንድ ቀን ሉቱን ስወለውል ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አየሁ፤ የሰው ጥርስ! ሠራተኛችንን ዜኖቢያን ብጠይቃት፣ "እመቤቴ፣ አይጥ ነው ብለን እንተወው" አለችኝ። ለካስ እሷም ጠርጥራ ኖሯል።

በቁልፉ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ልጅቷ ትዘፍናለች፤ ባሌ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ጉሮሮዋ ላይ አድርጓል። በእጅ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው የሚለው ሰውዬ!

በማግስቱ ስሜን ሳልጽፍ ለአባቷ ወረቀት ላክሁ፦ "ልጅህን ከመምህሩ ቤት አውጣ፤ እጁ ገላዋ ላይ ነው።" ያላሰብኩት ነገር፣ ቶኒዮ ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን ፀጉር አስተካካዩ ጋ ወስዶ ቤት ሙሉ ሰው ፊት አስነበበው። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ አንቺ ዘንድ ነበረች።

ጋስፓሮ ምንም አልተነፈሰም፤ ጉባኤውን ብቻ አቋረጠ። ዝምታው ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ። የተወው ለእሷ ሲል ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ብቻውን ሲደረድር ገባሁ። የሉቱን ጠርዝ በጥርሱ ነክሷል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ከኋላው ቆሜ ጠራሁት። ዝም። በእጄ የመዳብ ድስት ይዤ ነበር፤ ለቀቅሁት። ድስቱ ድንጋይ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ዜኖቢያ ከጓሮ "ኧረ ምን ፈረሰ!" ብላ ጮኸች። እሱ ዞር እንኳ አላለም።

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነውን ሁሉ መጻፍ አልችልም፤ ድስቱ የገለጠልኝን ነገር በስሙ ጠርቼ ለማንም እንዳልጽፍ አስምሎኛል። "ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሰብክ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ። አሁን ምን ብዬ ሰው ፊት ልቁም?" አለኝ። "ለእሷ ነግረህ ለእኔ የደበቅኸው ለምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ከንፈሬን እያየ፣ "እሷ ብታዝንልኝ አይከፋኝም። አንቺ ብታዝኚልኝ ግን አልችለውም" አለኝ። መልስ ነው ይሄ? እስከ ዛሬ እያላመጥኩት ነው።

ቶኒዮ ጋ ሄጄ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኩት። የሚፈትለውን ገመድ አስቀምጦ አየኝ፣ አየኝና፣ "እመቤቴ፣ እኔስ አመንኩዎት። ሰፈሩ ግን የሰማው ከፀጉር አስተካካዩ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው። ቅዳሜ፣ የፀጉር አስተካካዩ ቤት ሞልቶ ሳለ ገባሁና ልጅቷ ንጹሕ መሆኗን፣ ክፉ ያሰብኩት እኔ መሆኔን ተናገርኩ። አንዱ፣ ጢሙ ግማሽ እንደተላጨ፣ "ታዲያ ባልሽ እጁን እዚያ ምን ያደርግበት ነበር?" አለኝ። መልሱን እያወቅሁ መመለስ አልቻልኩም፤ ምያለሁ። "እሱን ለእኔ ተዉልኝ" ብዬ ወጣሁ። ሳቃቸው እስከ መንገዱ ዳር ተከተለኝ።

የቶኒዮ ምልክት ያለበት የፈቃድ ወረቀት ከዚህ ጋር አለልሽ፤ የመሰከረውም ያው ፀጉር አስተካካይ ነው። በጰራቅሊጦስ ማግስት ለምንኩስናው ፀጉሯ ሊቆረጥ ነው አሉ። እንዳታደርጊው። አባቷ በዋዜማው ጋሪ ይዞ ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ጋስፓሮ ጉሮሮዋን ይዞ ያዘፍናት የነበረው፣ በእጮኝነታችን ጊዜ ልብስ ሳሰጣ የማንጎራጉረውን ዜማ እንደነበር ይምላል። ራሱ አስተማርኳት ይላል፤ እየረሳው ስለነበር። ልመነው? እኔ እዚሁ ቤት ውስጥ እያለሁ? "ምን ትዘፍኚለት ነበር?" በያት። ፍንጭ እንዳትሰጫት፤ ዓይኗን እያየሽ ጠይቂያት።

ግን እታለም፣ መጀመሪያ ልቀቂያት። ከቅጥሩ ውጪ ቆማ፣ ጓዟን ጋሪው ላይ ከጫነች በኋላ ጠይቂያት። አልመልስም ካለችም ትሂድ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ጸሎትሽ ከእኔም ከእሱም አይራቅ። በደሌን ለራሷ ለኦርሶላ ንገሪያት፤ ማን እንደጻፈው ትወቅ።

ስታጠፋ ሁልጊዜ ወደ አንቺ የምትሮጠው
ታናሽ እህትሽ